ሰባቱ ቡናማ ፍሬዎች

ከነጩ ጠረጴዛ ልጀምር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ቤቱ የሠርግ ልብስ ይሰፋበታል። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉት። በመስኮቱ በኩል ያለው ነጭ አንሶላ ተነጥፎበታል፤ ቬሎ የሚሰፋው እዚያ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ጥቁር ጠረጴዛ ይባላል፤ የወንድ ሱፍ፣ ገበር፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የሱሪ እግር፣ ሠርጉ ላይ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ነገር ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። የቤቱ ሕግ ደግሞ አንዲት ናት። የትም አልተጻፈችም፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ በላይ ትከበራለች። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ጠዋት ስትገባ፣ ማንም ሳይነግራት፣ መርፌና መቀሷን ይዛ ወደ ጥቁሩ ጠረጴዛ ትሻገራለች። ሲያበቃላት ትመለሳለች።

እንግዲህ አስቡት። እንዲህ ባለ ቤት ገመና የሚባል ነገር የለም። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ የዘጠኙም ቀን ይታወቃል። በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ እንኳ ሳይቀር ይቆጥራል። አንዷ ቀደም ብላ ከተሻገረች «በዚህ ወር ምነው ቸኮልሽ?» ይላታል፣ አፉን ይዝጋውና። ስታረግዝም ከባሏ በፊት የሚያውቀው ይሄው ሰውዬ ነው፤ አንዲት ሴት ሁለት ወር ሙሉ ከነጩ ሳትነሳ ከቆየች ሌላ ምን ምክንያት አለ?

ሕጓ የወጣችው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው፤ ታሪኩም የእሷ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመቷ ነበር፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። እጇ ልዩ ነው። ስፌቷን ለማየት ጨርቁን ገልብጦ መነጽር ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ጠዋት፣ ለማግስቱ ሠርግ የሚደርስ ቬሎ ጠርዙን እየሰፋች፣ ከኋላ የሚጎተተውን ጨርቅ እንዳይጨማደድ ዙሪያዋን አንጥፋ መሐሉ ተቀምጣለች። ስትነሳ ሳቲኑ ላይ ምስር የምታክል ጠብታ ታየች። አንዲት ጠብታ ብቻ። ማዳም፣ የቤቱ ባለቤት ናት፣ አልጮኸችም። መቀስ አነሳች፣ ጠብታዋን ቆርጣ አወጣች፣ በቦታው የጨርቅ አበባ ሰፋችበት። ሙሽሪትም አበባውን ስታይ «ይሄ ደግሞ እንዴት ያምራል» አለች ይባላል። ማዳም ግን በማግስቱ ሁሉንም ሰብስባ ሕጓን ተናገረች። ስትናገር የማንንም ስም አልጠራችም፣ አላየቻትምም። ያ ነው የገደላት። ስም ቢጠራ፣ ቢሰደብ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ብቻ ነው ወደ ጥቁሩ ጠረጴዛ የተሻገረችው። ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ የሱሪ እግር ስታጥፍ፣ የሁሉም ዓይን ቀሚሷ ላይ ያረፈ መሰላት። ማንም እያያት አልነበረም፤ ግን ሰው ሲያፍር ግድግዳውም ዓይን ያወጣል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ቀድሞም ትወስድ ነበር። ትንሽ እንቆይ፣ ትንሽ እንደርጅ ተባብለው ነው እሷና ባሏ። ፓኬቷ ሃያ ስምንት ፍሬ ናት፤ ሃያ አንዱ ነጭ፣ የመጨረሻዎቹ ሰባቱ ቡናማ። ቡናማዎቹ ላይ ሲደርሱ ነው ደሙ የሚመጣው። የሰፈሩ ፋርማሲስት ዘንድ ሄዳ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ፋርማሲስቷም ነገሩ ቀላል መሆኑን ነገረቻት፤ ቡናማዎቹን ትተሽ ከነጩ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ፓኬት ነጭ ተሻገሪ፣ ደሙ አይመጣም፣ ብዙ ሴቶች ያደርጉታል፣ ጉዳት የለውም፣ በየጊዜው ግን ግፊትሽን ተለኪ አለቻት። ቡናማዎቹስ ምንድን ናቸው ብትላት፣ የብረት ማዕድን ናቸው፣ ክኒን የመዋጥ ልማድ እንዳይጠፋ የተጨመሩ ናቸው፣ ጣያቸው አለቻት። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። በኋላ ሰው ሁሉ ፋርማሲስቷ ላይ ሊያላክክ ሲሞክር ሰምቻለሁና ነው ይህን የምለው።

እሷ ግን አልጣለቻቸውም። ልብስ ሰፊ ምን ይጥላል? አንዲት ክር ከወለል የምታነሳ ሴት ናት። የብስኩት ቆርቆሮ ነበራት፣ በየፓኬቱ ማለቂያ ሰባቱን ቡናማ ፍሬዎች እየፈለቀቀች እዚያ ውስጥ ትጨምር ጀመር። ባሏ አይቶ ምንድን ነው ቢላት፣ እየሳቀች «ወሮቼን እያስቀመጥኩ ነው» አለችው። እሱም ሳቀ። እንዲህ በቀልድ ተጀመረ።

ቀልድ ግን ሲደጋገም ቁም ነገር ይሆናል። ዓመት ሲሞላው፣ ሁለት ሲሞላው፣ እሷም ማመን ጀመረች። ሐሳቧ የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነው። ያልተቆረጠ ጨርቅ ጥቅልሉ ላይ አለ፤ ያልፈሰሰ ነገር አልጎደለም። ሌሎቹ በየወሩ ያፈስሳሉ፣ እኔ ግን አስቀምጫለሁ፣ እነሱ በአርባ ሲያልቅባቸው እኔ ገና ሠላሳ ላይ ነኝ ትል ነበር። ለባሏ በዚህ ዓይነት አስረዳችው፣ እሱም ለደንበኞቹ አስረዳ። ፀጉር አስተካካይ ዘንድ የገባ ወሬ መቼም ተቆርጦ አይወድቅም።

ሥራ ቤት ውስጥ ስም ወጣላት፤ ንጽህት። መጀመሪያ ላይ ለማሾፍ ነበር፣ ኋላ ግን ጸናባት። ንጽህት ከነጩ ጠረጴዛ አትነሳም፣ ዓመት ከዓመት። ከባዱ ቬሎ፣ የሚቸኩለው ቬሎ፣ ዶቃው የበዛው ቬሎ ሁሉ የእሷ ነው። ማዳምም ስታልፍ ትከሻዋን መታ እያደረገች የጨርቅ ቆራጭነቱ የአንቺ ነው ትላታለች። ጨርቅ ቆራጭ ማለት በዚያ ቤት ከማዳም ቀጥሎ ያለች ሰው ናት። «ብቻ ከዚህ ዓመት በኋላ እንጂ አሁን እንዳታረግዢብኝ» ትላለች። የነፍሰ ጡር እጅ ያልበዋል፣ ሳቲን ላብ አይወድም፤ ስለዚህ ያረገዘች ሁሉ ወደ ጥቁሩ ተሻግራ ትቀራለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያው ቃል ይደገማል። በሚቀጥለውም።

ባሏ ለቅሶ የማያውቅ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። ልጁ ትንሽ ይቆይ ስትለው «እኔ የት እሄዳለሁ?» ይላል። ሱቁ ውስጥ አንዲት ሳንቃ አለችው። የልጅ ፀጉር ሊያስተካክል ሲል በወንበሩ ክንዶች ላይ ይጋድማትና ልጁን እላይዋ ያስቀምጠዋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ያነሳታል፣ ያስቀምጣታል። ስለ ልጅ ከዚህ በላይ አልተናገረም።

አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ «በቃኝ» አለችው። የጨርቅ ቆራጭነቱ አልመጣም፣ አይመጣምም፣ ነገሩ ገብቷታል። «ይበቃል፣ ካስቀመጥነው እናውጣ እንግዲህ» አለች። እሱም ተነስቶ ሱሪውን ገልብጦ ለበሰ፣ ሱቅ ደርሶ ነው ያወቀው።

ክኒኑን አቆመች። በአራተኛው ቀን ደም መጣ።

ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላ። ያን ቀን ሥራ ቤት ስትገባ መርፌና መቀሷን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በክፍሉ መሐል ለመሐል ወደ ጥቁሩ ጠረጴዛ ተሻገረች። ስፌቱ ሁሉ ቆመ። በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ ካውያውን ረስቶት ገበር አቃጠለ። ቁልፍ የምትተክለው ሴት፣ ቁልፌ ነው የሚሏት፣ የልብ ጓደኛዋ ናት፣ ተነስታ አቀፈቻት። ሳቁ ለጉድ ነበር። ንጽህት ያን ቀን ሱሪ ስታጥፍ ስታንጎራጉር ዋለች። ማታ ለባሏ ሁሉም እንዳለ ነው፣ አንድም አልጎደለ አለችው። አምስት ቀን ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ነጩ ተመለሰች።

በሚቀጥለው ወር አልተሻገረችም።

ሴቶቹ ቀን መቁጠር ሥራቸው ነው። ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እሷ ራሷ ትንፍሽ አላለችም፣ ግን ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀን ደግሞ ከደረቷ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ የሚወጣ ወበቅ አለ። እንቅልፍ የላትም። በትንሽ በትልቁ እንባዋ ይመጣል፤ አንድ ቀን ክር ስለተበጠሰባት አለቀሰች። ቁልፌ ሦስት ወልዳለች፣ ታውቃለች፤ ምልክቱ ሁሉ ልክ ነው አለቻት። ምርመራ ላድርግ እንዴ ብላ ንጽህት ብታማክራት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሳቁባት። ከጠረጴዛው የበለጠ ምን ምርመራ አለ? በዚያ ቤት ከነጩ ሳትነሳ ወር ያለፋት ሴት ሁሉ ወልዳለች፣ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። ማዳም ደግሞ እስከ ሦስተኛው ወር ዝም ማለት ይሻላል አለች፤ እሷም እጅሽን እያላበሽ ነው ብላ ከሳቲኑ አራቀቻት፣ ዶቃ ብቻ ሰጠቻት።

ወይ ጉድ! አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሳታይ ከነጩ ጠረጴዛ ያልተነሳች ሴት፣ ደም አለማየት ምንም ማለት እንዳልሆነ ከዓለም ሁሉ ይልቅ ማወቅ የነበረባት ሴት፣ ደም ስላላየች አረገዝኩ ብላ አመነች። ዘጠኙም አመኑ። ምን ይደረግ፣ መፈለግ ዓይን ይጋርዳል።

ባሏ ሦስት ቀን ምስጢር ያዘ። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያውን ደንበኛ ፂም እየላጨ ከአፉ አመለጠው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ወንዶች ገና ከበሩ እንኳን ደስ ያለህ እያሉ ይገባሉ፣ እሱም በመስታወቱ ውስጥ እየሳቀ ይመልሳል። የሕጻናት ፀጉር በነጻ ማስተካከል ጀመረ። የጨቅላ ጭንቅላት መያዝ እየተለማመድኩ ነው፣ እጄ ከባድ እንዳይሆን አለ። ያችን ሳንቃም አወጣት፣ በአሸዋ ወረቀት ፈቀፈቃት፣ ስፖንጅ አደረገባት፣ ቀይ ቆዳ አለበሳት። ሲጨርስ ልጅ አስቀምጦ አልሞከራትም። አዲስ ትሁን አለ።

ሴቶቹም ዝም አላሉም። ከነጩ ጠረጴዛ የሚተርፈውን ቁራጭ ሳቲን እያጠራቀሙ ክንድ የማታህል ቀሚስ ሰፉ። ማዳም ስትመጣ ከአንሶላው ሥር ይደብቋታል፣ ማዳምም እያየች እንዳላየች ታልፋለች። ጠርዟን የሰፋችው ንጽህት ራሷ ናት።

ሦስተኛው ወር አልፎ አራተኛው ሲያዝ፣ ሆዷ ወደፊት አልመጣም። ወፍራም ሴት አይደለችም፣ መታየት ነበረበት። ቁልፌ ናት ነገሩ ያላማራት። ክትትል የሚጀመርበት ጊዜ ነው ብላ ይዛት ክሊኒክ ሄደች፣ እስክትጨርስም ኮሪደር ተቀመጠች።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእሷ የማትበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ጠየቀቻት። ንጽህት ቀኑን ከነሰዓቱ ነገረቻት፣ እንዴት ይረሳል። ሐኪሟ ጻፈች።

«ከዚያ በፊት ያለውስ?»

«ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም አስወራቻት፤ ነጮቹን፣ ቡናማዎቹን፣ ጠረጴዛውን። ሽንት ተመረመረ፣ እርግዝና የለም። ደም ተወሰደ። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፣ ሐኪሟ ግን አንድ ምርመራ አይበቃኝም ብላ ከወር በኋላ እንዲደገም አዘዘች። ያን ሳምንት ሁሉ፣ ያን ወርም ሁሉ፣ ንጽህት ለባሏ ክትትል ነው፣ ደም እያዩ ነው ትለው ነበር። ውሸት አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ሐኪሟ እናትሽ በስንት ዓመቷ ነው ያረጠችው ብላ ጠይቃት ነበር፣ እሷም አታውቅም። እናቷ ሞታለች፣ በሕይወት ሳለችም እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አይወጣም። ለታላቅ እህቷ ስልክ ደወለች። እህቷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ሁልጊዜ ስትደውልላት ድስት እሳት ላይ አላት።

«እትዬ፣ እማዬ በስንት ዓመቷ ነው የቆመባት?»

«የወር አበባው? ኧረ አርባም አልሞላት። እኔስ ብትይ፣ በአርባ አንድ አይደል እንዴ የተገላገልኩት። የቤታችን ነው። ምነው?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እህቷ ድስቷን አማሰለች። ከዚያ ማን ጠየቀኝ አለች፤ አንቺማ ድሮም አይመጣብኝም ስትይ ታድላ እያልኩ ስቀና ኖርኩ አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ንጽህት ስልኩን ዘጋች። እናቷን አሰበች፤ አርባ ዓመት ሳይሞላት፣ ለማንም ሳትናገር፣ ለብቻዋ የሆነ ነገር አልቆባት፣ እራት እያቀረበች።

ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሷ ጠጋ አድርጋ ነገረቻት። አርጠሻል አለቻት። ምናልባት ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ይሆናል፣ መቼ እንደሆነ በትክክል ማወቅ አይቻልም፤ ክኒኑ ሸፍኖት ነበር። ክኒኑ አላመጣውም፣ ባትወስጂውም በዚሁ ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ልዩነቱ ወሩ ሲዛባ፣ ሲዘገይ፣ ሲቀር ታዪው ነበር፣ ቀድመሽም ትመጪ ነበር። የሌላ ሴት እንቁላል ተወስዶ የሚሠራ ሕክምና በትልልቅ ቦታ አለ አለች፣ ቶሎም ተወችው፤ የሚሰማት ጆሮ አለመኖሩን አይታለች።

ንጽህት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

«ያ የመጣው ደምስ? አምስት ቀን ሙሉ ነበር እኮ።»

«ክኒን ሲቆም የሚመጣ ነው። የክኒኑ ነበር እንጂ ያንቺ አልነበረም።»

«አስቀምጬ ነበር» አለች ንጽህት። «በየወሩ አላፈሰስኩም። አስቀምጬ ነበር።»

ሐኪሟ እጇን ያዘች። የሴት እንቁላል፣ ደሙ ቢመጣም ባይመጣም፣ በየቀኑ ይቀንሳል፣ ማስቀመጫ የለውም አለቻት። ያን ቀንም ኮሪደሩ ላይ የጠበቀቻት ቁልፌ ፊቷን አይታ ቦርሳዋን ተቀበለቻት። መንገድ ላይ ግን፣ እንዲያው ዝምታው ከብዷት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው አለች። ወዲያው ምላሷን ነከሰች። የአፍ ነገር ነው። ንጽህትም አልተቀየመቻትም፤ እውነት ነው የተባለው።

ወደ ባሏ ሱቅ ብቻዋን ሄደች። ከሰዓት ነበር። አንድ ሽማግሌ ፊታቸው አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለዋል፣ ባሏ ምላጩን ይዞ እየሳቀ ነው። ሽማግሌው ሲያዩዋት ከነአረፋቸው እናትዬዋ መጣች፣ ወንበር ስጧት አሉ። ግድግዳው ጥግ ቀይዋ ሳንቃ ተደግፋ ቆማለች። ንጽህት አጠገቧ ተቀመጠች፣ ሽማግሌው እስኪላጩ፣ እስኪታጠቡ፣ እስኪመርቋት፣ እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ዘጋችና የተላጩበት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ፊት ለፊት ከማየት በመስታወት ማየት ይቀላል።

ነገረችው። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ሰማ። ሲያልቅ መጥረጊያ አነሳና ወለሉን ጠረገ። የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«ያ ቆርቆሮስ?»

«የቱ?»

«ያስቀመጥሻቸው። ቡናማዎቹ። አሁን መውሰድ አይቻልም?»

ሳቋ ሊመጣ ነበር፣ ፊቱን አይታ ተወችው። ቀልዱን አልነበረም። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጧል ስትለው ኖራለች፣ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ይወጣል። ብረት ናቸው፣ ምንም አይደሉም፣ ፋርማሲስቷ ያን ጊዜውኑ ነግራኛለች አለችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀ፣ ገብቶኛል እንደማለት። ቆይቶ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ለማንኛውም» አለ። «ሰባቱን ብቻ። ምን እንዳይሆን ነው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ግን ይሄን ሰውዬ ሞኝ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ያን ማታ ከእራት በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃና አንዲት ቡናማ ፍሬ በሣህን አድርጎ አመጣላት። ዋጠችው። በማግስቱም። ሰባት ማታ።

በእነዚያ ሰባት ቀናት ሱቅ የሚመጣ ሁሉ ባለቤትህ እንዴት ናት፣ ልጁስ ይለዋል፣ እሱም ደህና ናቸው ይላል። መናገሩ ቀላል ነበር፤ የተነገረውን መመለስ ግን የሚችልበት መንገድ ጠፋው። በነጻ ያስተካክላቸው የነበሩትን ልጆች ምን ብሎ እንደሚያስቆም አላወቀም፣ ስለዚህ አላስቆመም፤ ቀይዋን ሳንቃ ከጥግ አንስቶ በወንበሩ ክንዶች ላይ አጋደማት፣ የሰው ልጆች ተቀመጡባት።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ለሴቶቹ የነገረችው ቁልፌ ናት። ማንም ምንም አላለም፣ በካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ እንኳ። ትንሿ ቀሚስ ከአንሶላው ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠች፤ ከዚያ ቁልፌ ፈታቻትና ሳቲኗን ለቬሎ ቁልፍ ማልበሻ ቆራረጠቻት። ሌላ ምን ታድርጋት። በዚያ ቤት ቁራጭ ሳቲን አይጣልም።

በስምንተኛው ቀን ማዳም ንጽህትን ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠራቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አጽናናቻት፤ በዓለም ላይ ያለ ልጅ የሚኖር ስንቱ ነው፣ ሥራ ያጽናናል አለቻት። ከዚያ ከመሳቢያዋ ትልቁን የጨርቅ መቁረጫ መቀስ አውጥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቆራጫችን አንቺ ነሽ» አለቻት። «አሁንማ የሚያሰጋኝ ነገር የለም።»

ንጽህት አመሰገነች። ምን ትበል? አስራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው መቀስ ነው፣ ከባድ ነው፣ እጀታው በማዳም ጣቶች ልክ አልቋል። ወጥታ ነጩ ጠረጴዛ ላይ አዲስ የሳቲን ጥቅል ዘረጋች፣ ለካች፣ ቆረጠች። ወበቁ መጥቶ ፊቷ ሲግል ቆም ትላለች፣ ላቧን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ትቀጥላለች። አንዷ ልጅ በዚያ ጠዋት መርፌና መቀሷን ይዛ ወደ ጥቁሩ ጠረጴዛ ስትሻገር በአጠገቧ አለፈች። ንጽህት መቀሷን አስቀምጣ ግድግዳው ጋ እስክትደርስ ድረስ ተመለከተቻት። ልጅቷ የተገሰጸች መስሏት አንገቷን ደፋች።

ማታ እራት በሉ። ስለ መቀሱ ነገረችው፣ እሱም እንኳን ደስ ያለሽ አላት፣ ከልቡ ነው። ሣህኑን አነሳ፣ አጠበ። ሰባቱ ቀን ትናንት አልቋል፣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ምንም እንዳልመጣ፣ እንደማይመጣም ያውቃሉ። እሷ ልትነሳ ስትል በእጁ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በሣህን ላይ አንዲት ቡናማ ፍሬ ይዞ መጣ። ፊቷ አስቀመጠላትና ቆመ።

ቀና ብላ አየችው። ይቅር በለኝ ልትለው ነበር፣ ቀድሞ ዓይኑን ወደ ብርጭቆው መለሰ። ፍሬዋን አንስታ ዋጠች፣ ውኃውን ጠጣች፣ ብርጭቆውን መለሰችለት። እሱም ወስዶ አጠበው፣ ቆርቆሮውን ከድኖ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ቆርቆሮው ከባድ ነው፤ ውስጡ ገና ከሺህ በላይ አለ።